ባለቤቱን ያጣ ሐረግ፦ በእንግሊዝኛ ፓርቲሲፕል አጠቃቀም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፓርቲሲፕል ከግስ ተወልዶ የቅጽልን ሥራ የሚሠራ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ሁለት ዋና መልኮች አሉት። አንዱ በግሱ መጨረሻ ላይ «አይ ኤን ጂ» የሚጨመርበት ፕረዘንት ፓርቲሲፕል ነው፤ «ዎኪንግ»፣ «ራይቲንግ»፣ «ስሊፒንግ» እንደሚሉት። ሌላው ፓስት ፓርቲሲፕል ሲሆን በመደበኛ ግሶች ላይ «ኢ ዲ» ይጨመርበታል፤ መደበኛ ባልሆኑት ላይ ደግሞ «ሪትን»፣ «ብሮክን»፣ «ሲን» እያለ የየራሱን መልክ ይይዛል። ከሁለቱ በአንዱ የሚመራ የቃላት ስብስብ የፓርቲሲፕል ሐረግ ይባላል።

አማርኛ ተናጋሪ በዚህ የሰዋስው ክፍል የሚሰናከለው በገዛ ቋንቋው ውስጥ ተቀራራቢ የሚመስል ነገር ስላለው ይመስለኛል። «ጽፎ ላከ» ስንል «ጽፎ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ማን እንደጻፈ በራሱ ይናገራል። «ጽፌ»፣ «ጽፈሽ»፣ «ጽፋ»፣ «ጽፈው» እያለ ባለቤቱን በቃሉ መጨረሻ ላይ ይዞ ይዞራል። የእንግሊዝኛው ፓርቲሲፕል ይህ የለውም። «ራይቲንግ» የጻፈው እኔ ልሁን፣ አንቺ ሁኚ፣ እነሱ ይሁኑ፣ ቃሉ ያው ነው። ስለዚህ ባለቤቱን ከጎኑ ካለው ዓረፍተ ነገር ይዋሳል። ከሚከተሉት ስህተቶች ከባድ ከባዶቹ የሚመነጩት ይህ ብድር ሲዘነጋ ነው።

የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በአነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ወደ ወረቀት ሲያወርዷቸው በእንግሊዝኛ ሆሄያት ጽፈው ይለማመዱባቸው።

ሐረጉን ያለ ባለቤት መተው

«ዎኪንግ ኢንቱ ዘ ሩም፣ ዘ ላይትስ ዌንት አውት።» ጸሐፊው ሊል የፈለገው «ወደ ክፍሉ ስገባ መብራቱ ጠፋ» ነው። እንግሊዝኛው ግን ወደ ክፍሉ በእግሩ የገባው መብራቱ እንደሆነ ይናገራል። ዓረፍተ ነገር በፓርቲሲፕል ሐረግ ሲከፈት፣ ድርጊቱን የፈጸመው ከነጠላ ሠረዙ ቀጥሎ የሚመጣው የዋናው ዓረፍተ ነገር ባለቤት ነው ተብሎ ይወሰዳል። የሰዋስው መምህራን ይህን ስህተት ዳንግሊንግ ፓርቲሲፕል ይሉታል፤ የሚይዘው አጥቶ ተንጠልጥሎ የቀረ ማለታቸው ነው።

አማርኛው ላይ ችግሩ ለምን እንደማይታየን ልብ ይበሉ። «ስገባ» በሚለው ቃል ውስጥ «እኔ» አለሁ። «ዝናቡ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» ስንልም የዘነበው ዝናቡ፣ የጨቀየው መንገዱ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ግስ የራሱ ባለቤት አለው። «ስገባ» ወደ «ዎኪንግ» ሲለወጥ «እኔ» የሚለው ከመንገድ ይቀራል፣ ጸሐፊው ግን በልቡ ስለያዘው መቅረቱን አያስተውልም።

ማስተካከያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ አድራጊውን ከነጠላ ሠረዙ ቀጥሎ ማምጣት ነው፦ «ዎኪንግ ኢንቱ ዘ ሩም፣ አይ ሶው ዘ ላይትስ ጎ አውት።» ሁለተኛው፣ ሐረጉን ትቶ ባለቤትና ግስ ያለው ንዑስ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፦ «አዝ አይ ዎክድ ኢንቱ ዘ ሩም፣ ዘ ላይትስ ዌንት አውት።» እኔ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ደንቡን ለማክበር ሲል «አየሁ» የሚል፣ ጸሐፊው ያላሰበውን ግስ ያስገባል።

ስህተቱ እንዲህ ፊት ለፊት ሲመጣ ብዙ ሰው ይይዘዋል። የሚያመልጠው ተሸሽጎ ሲመጣ ነው። በተለይ በጥናታዊ ጽሑፎች ውስጥ ዋናው ዓረፍተ ነገር ተገብሮ ሲሆን ይደበቃል፦ «ሀቪንግ ፊኒሽድ ዘ ኤክስፔሪመንት፣ ዘ ሪዘልትስ ዌር ሪኮርድድ።» እዚህ ላይ ሙከራውን የጨረሰው ውጤቱ ሆኗል። ተመራማሪዎቹ የሉም። «ዊ ሪኮርድድ ዘ ሪዘልትስ» ቢባል ይስተካከላል። «እኛ» ማለት የማይፈልግ ጸሐፊ ደግሞ «አፍተር ዘ ኤክስፔሪመንት ዋዝ ፊኒሽድ፣ ዘ ሪዘልትስ ዌር ሪኮርድድ» ማለት ይችላል።

የሰውነት ክፍልም ያታልላል። «ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው፣ ማይ ሀንድ ጎት ስታክ» ውስጥ «ማይ» የሚል ቃል ስላለ «እኔ» ያለሁ ይመስላል። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ግን እጄ ነው፤ መስኮቱን ብቻውን የከፈተ እጅ ሆኖ ይነበባል። «ኢት» እና «ዜር» በሚሉ ቃላት የሚጀምር ዋና ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ ነው፦ «ሉኪንግ አት ዘ ማፕ፣ ኢት ኢዝ ክሊር ዛት ዘ ሮድ ኢዝ ሎንግ።» ይህን የመጨረሻውን ብዙ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች በቸልታ ያልፉታል፣ ጥንቃቄ የሚያበዙት ግን አይጽፉትም። በፈተና ላይ ከሆኑ ከጥንቁቆቹ ጋር ይሁኑ።

መፈተሻው አጭር ነው። ሐረጉን «ማን?» ብለው ይጠይቁት፣ ከዚያ ከነጠላ ሠረዙ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ስም ወይም ተውላጠ ስም ያንብቡ። መልሱ ካልገጠመ ሐረጉ ተንጠልጥሏል።

ከዚህ ደንብ ነጻ የወጡ ጥቂት ቃላት አሉ። «ኮንሲደሪንግ»፣ «ሪጋርዲንግ»፣ «ኮንሰርኒንግ»፣ «ኢንክሉዲንግ»፣ «ጊቭን»፣ «ጀነራሊ ስፒኪንግ»፣ «ጀጂንግ ፍሮም» የሚሉት በረጅም ዘመን አጠቃቀም እንደ መስተዋድድ ሆነው ስለተለመዱ ማንም ባለቤት አይፈልግላቸውም። «ኮንሲደሪንግ ሂዝ ኤጅ፣ ዘ ሪዘልት ኢዝ ጉድ» ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ፈቃድ ግን ወደ ሌሎች ግሶች ማስፋት አይቻልም።

እንግሊዝኛም «ዝናቡ አባርቶ ጉዟችንን ቀጠልን» የሚለውን የእኛን አነጋገር የሚመስል መንገድ አለው። ለፓርቲሲፕሉ የራሱን ባለቤት ከፊቱ ያስቀምጥለታል፦ «ዘ ሬይን ሀቪንግ ስቶፕት፣ ዊ ኮንቲኒውድ አወር ጆርኒ።» ሰዋስዋዊ ነው፣ ያማረም ነው፤ ግን የመጽሐፍ ወግ ይሸታል። በተራ ደብዳቤ ውስጥ «ዌን ዘ ሬይን ስቶፕት» ይሻላል።

ቦዝ አንቀጹን ሁሉ «አይ ኤን ጂ» ማድረግ

«ደብዳቤውን ጽፎ ላከው» የሚለውን ብዙ ተማሪ «ራይቲንግ ዘ ሌተር፣ ሂ ሴንት ኢት» ብሎ ይመልሰዋል። እዚህ ባለቤቱ ትክክል ነው፤ የጻፈውም የላከውም «ሂ» ነው። የተሳሳተው ጊዜው ነው። «ጽፎ» ሲባል መጻፉ አልቋል፣ መላኩ ከዚያ በኋላ መጥቷል። «ራይቲንግ» ግን ሁለቱ ድርጊቶች አብረው እንደተፈጸሙ ያስመስላል፤ እየጻፈ ሳለ ላከው እንደማለት ነው።

ትክክለኛው አቻ «ሀቪንግ ሪትን ዘ ሌተር፣ ሂ ሴንት ኢት» ነው። ይህ መልክ ፐርፌክት ፓርቲሲፕል ይባላል፤ «ሀቪንግ» ላይ ፓስት ፓርቲሲፕል በመጨመር ይሠራል፣ የመጀመሪያው ድርጊት ሁለተኛው ሳይጀመር ማለቁንም ይናገራል። ተገብሮ ሲሆን «ሀቪንግ ቢን ሪትን» ይሆናል፣ «ተጽፎ» እንደምንለው። «እየጻፈ» የሚለውን ደግሞ «ራይቲንግ» ይወስደዋል። ይህን ጥምረት፣ «እየጻፈ» ከ«ራይቲንግ»፣ «ጽፎ» ከ«ሀቪንግ ሪትን» ጋር፣ በቃል መያዝ ብዙ ስህተት ያስቀራል።

ብዙ ያስቀራል እንጂ ሁሉንም አያስቀርም፤ ምክንያቱም የአማርኛው ቦዝ ሥራው ሰፊ ነው። «ሮጦ መጣ» ስንል መሮጡ ካለቀ በኋላ መጣ ማለታችን አይደለም፤ አመጣጡን መግለጻችን ነው። ስለዚህ «ሂ ኬም ራኒንግ» ይባላል። «በሩ ላይ ቆሞ ይመለከት ነበር» ስንልም መቆሙ አላበቃም፣ እየተመለከተም ቆሟል፦ «ስታንዲንግ አት ዘ ዶር፣ ሂ ዋዝ ዎቺንግ።» እንደ መቆም፣ መቀመጥ፣ መተኛት፣ መያዝ ያሉ ግሶች በአማርኛ በቦዝ ቢመጡም በእንግሊዝኛ «አይ ኤን ጂ» ይሆናሉ። ከመተርጎምዎ በፊት የመጀመሪያው ድርጊት ሁለተኛው ሲጀመር አብቅቷል ወይስ ቀጥሏል ብለው ይጠይቁ።

እጅግ ተከታትለው፣ አንዱ በሌላው እግር የሚፈጸሙ አጫጭር ድርጊቶችንም እንግሊዝኛ በ«አይ ኤን ጂ» ይቀበላቸዋል፦ «ኦፕኒንግ ዘ ዶር፣ ሺ ስቴፕት ኢንሳይድ።» በመክፈቱና በመግባቱ መካከል ክፍተት ስለሌለ «ሀቪንግ» ማስገባት አያስፈልግም።

አማርኛ «ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ቦርሳውን ይዞ ወጣ» እያለ ቦዝ በቦዝ ላይ ይደረድራል፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ይህን በእንግሊዝኛ ሦስትና አራት «ሀቪንግ» አድርጎ መጻፍ አንባቢን ያደክማል። እንዲህ ያለውን በተራ ያለፈ ጊዜ ይደርድሩት፦ «ሂ ጎት አፕ፣ ዎሽድ፣ ድረስት፣ ቱክ ሂዝ ባግ ኤንድ ዌንት አውት።» ለአማርኛ ጆሮ ደረቅ ቢመስልም ጥሩ እንግሊዝኛ ነው።

ሐረጉን ያለ ቦታው ማስቀመጥ

አማርኛ ገላጩን ምንጊዜም ከስሙ በፊት ያስቀምጣል። «በሩ ላይ የቆመው ሰው» ላይ «ሰው» መጨረሻ ነው። ይህን ልማድ ይዘው የሚሄዱ ጀማሪዎች «ዘ ስታንዲንግ አት ዘ ዶር ማን» ይላሉ። በእንግሊዝኛ ፓርቲሲፕሉ ብቻውን ከሆነ በአብዛኛው ከስሙ በፊት ይመጣል፦ «ኤ ብሮክን ዊንዶው»፣ «ኤ ስሊፒንግ ቻይልድ»። ጭራ ካስከተለ፣ ማለትም ከራሱ ጋር ቦታ፣ ጊዜ ወይም ተሳቢ ከያዘ፣ ከስሙ በኋላ ይሄዳል፦ «ዘ ማን ስታንዲንግ አት ዘ ዶር»፣ «ኤ ዊንዶው ብሮክን ባይ ዘ ዊንድ»።

ሌላው የቦታ ስህተት ሐረጉ ከባለቤቱ ርቆ ሌላ ስም አጠገብ ሲያርፍ ነው። «ሺ ሶው ኤ ዶግ ዎኪንግ ቱ ስኩል» ያለ ሰው ውሻው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ አየች ብሏል። እሷ ስትሄድ ከሆነ ሐረጉን ወደ ፊት ያምጡት፦ «ዎኪንግ ቱ ስኩል፣ ሺ ሶው ኤ ዶግ።» ይህ ከመንጠልጠል ይለያል። እዚህ ባለቤቷ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አለች፣ ሐረጉ ግን አጠገቡ ያገኘውን ስም ያዘ።

«አይ አም ቦሪንግ»

ይህን ያለ ሰው «ሰልችቶኛል» ማለቱ ነው። የሰማው ግን «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ብሎ ይረዳዋል። ስሜትን በሚያመለክቱ ግሶች ላይ «አይ ኤን ጂ» ስሜቱን የሚፈጥረውን፣ «ኢ ዲ» ስሜቱ ያደረበትን ይገልጻል።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ከብዙዎች የተሻለ መሣሪያ አለው፤ ልዩነቱን ቋንቋው ራሱ ያውቀዋልና። አሰልቺ፣ አድካሚ፣ አስፈሪ፣ አስገራሚ፣ አሳፋሪ፣ ግራ የሚያጋባ የምንላቸው ሁሉ በእንግሊዝኛ «አይ ኤን ጂ» ናቸው፦ «ቦሪንግ»፣ «ታየሪንግ»፣ «ፍራይትኒንግ»፣ «ሰርፕራይዚንግ»፣ «ኢምባረሲንግ»፣ «ኮንፊውዚንግ»። የሰለቸው፣ የደከመው፣ የፈራ፣ የተገረመ፣ ያፈረ፣ ግራ የተጋባ ደግሞ «ኢ ዲ» ናቸው፦ «ቦርድ»፣ «ታየርድ»፣ «ፍራይትንድ»፣ «ሰርፕራይዝድ»፣ «ኢምባረስድ»፣ «ኮንፊውዝድ»። አማርኛው በ«አ» ወይም በ«አስ» ጀምሮ ሌላውን የሚነካ ከሆነ «አይ ኤን ጂ»ን ይያዙ።

በብዙ ክፍሎች ውስጥ «ለሰው ኢ ዲ፣ ለዕቃ አይ ኤን ጂ» የሚል አቋራጭ ይሰጣል። ባይሰጥ እመርጣለሁ። ሰውም አሰልቺ ሊሆን ይችላል፤ «ሂ ኢዝ ኤ ቦሪንግ ስፒከር» ፍጹም ትክክል ነው። ሰው ያልሆነ ነገርም «ኢ ዲ» ይይዛል፤ «ኤ ሰርፕራይዝድ ሉክ» የተገረመ ሰው ፊት ላይ የሚታየው አስተያየት ነው። መጠየቅ ያለበት ስሜቱ ከማን ወጣ፣ ማን ላይ አረፈ የሚለው ነው።

ከእነዚህ ቃላት ጋር የሚሄዱት መስተዋድዶችም አብረው ይጠኑ፦ «ኢንተረስትድ ኢን»፣ «ኤክሳይትድ አባውት»፣ «ቦርድ ዊዝ»፣ «ታየርድ ኦቭ»።

ያለፈ ጊዜን በፓስት ፓርቲሲፕል ቦታ ማስገባት

«አይ ሃቭ ሮውት»፣ «ሺ ሃዝ ዌንት»፣ «ዘ ዊንዶው ዋዝ ብሮክ»። ሦስቱም ስህተት ናቸው፤ ትክክሎቹ «ሪትን»፣ «ጎን» እና «ብሮክን» ናቸው። ከ«ሃቭ» ቤተሰብ በኋላ፣ እንዲሁም ተገብሮ በሚሠራ የ«ቢ» ቤተሰብ በኋላ ሁልጊዜ የግሱ ሦስተኛ መልክ ይመጣል። ሁለተኛው መልክ፣ ማለትም ተራው ያለፈ ጊዜ፣ ረዳት ግስ አይፈልግም፦ «አይ ሮውት»። ሦስተኛው ደግሞ ያለ ረዳት ዋና ግስ ሊሆን አይችልም። በፊልም ውስጥ «አይ ሲን ሂም»፣ «አይ ዳን ኢት» ሲባል ሰምተው ይሆናል። የአንዳንድ አካባቢዎችና ማኅበረሰቦች አነጋገር ነው፤ በመደበኛ ጽሑፍ ግን አይገባም።

እነዚህን ግሶች በፊደል ተራ ከመሸምደድ በቡድን መያዝ ይቀላል። ሦስቱም መልካቸው አንድ የሆኑ አሉ፦ «ካት»፣ «ፑት»፣ «ሂት»። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚመሳሰሉ አሉ፦ «ባይ፣ ቦት፣ ቦት»። አንደኛውና ሦስተኛው የሚመሳሰሉ አሉ፦ «ካም፣ ኬም፣ ካም»። ሦስቱም የሚለያዩ አሉ፦ «ራይት፣ ሮውት፣ ሪትን»። «ማንበብ» የሚለው ግስ በሦስቱም መልኮች በአንድ ዓይነት ሆሄ ይጻፋል፣ ሲነበብ ግን «ሪድ፣ ሬድ፣ ሬድ» ነው።

ሁለት ጥንዶች ለብቻቸው ትኩረት ይፈልጋሉ። «መጋደም» «ላይ፣ ሌይ፣ ሌይን» ነው፤ «ማጋደም» ወይም «ማስቀመጥ» ደግሞ «ሌይ፣ ሌይድ፣ ሌይድ» ነው። የአንዱ ያለፈ ጊዜ የሌላው የአሁን ጊዜ ሆኖ ስለሚገኝ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም ይሳሳቱበታል። «መውደቅ» «ፎል፣ ፌል፣ ፎለን» ሲሆን «መሰማት» «ፊል፣ ፌልት፣ ፌልት» ነው።

ጥቂት ግሶች ደግሞ ለቅጽልነት ብቻ የሚያወጡት ልዩ መልክ አላቸው። መርከብ ሰጠመ ሲባል «ዘ ሺፕ ሃዝ ሳንክ» ነው፤ የሰጠመ መርከብ ግን «ኤ ሳንክን ሺፕ»።

መጨረሻውን «ኢ ዲ» መዋጥ

«አይ አም ኢንተረስት ኢን ሂስትሪ»፣ «ኢት ኢዝ ኮል ፊዚክስ»። ጥፋቱ የጆሮ ነው። «ኢ ዲ» በሦስት ዓይነት ይነበባል። እንደ «ዎክ» ባሉት ላይ ቀላል «ት» ነው፣ እንደ «ኦፕን» ባሉት ላይ ቀላል «ድ» ነው፣ እንደ «ዎንት» እና «ኒድ» ባሉት ላይ ብቻ ሙሉ «እድ» ሆኖ ይሰማል። በፈጣን ንግግር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ተውጠው ይጠፋሉ። በንግግር ባይሰሙም በጽሑፍ መኖር አለባቸው፤ ስለዚህ ሲጽፉ ጆሮን ሳይሆን ሰዋስውን ይመኑ።

በስሙ ተታልሎ ጊዜን መገመት

«ፕረዘንት» የአሁን፣ «ፓስት» ያለፈ ማለት ስለሆነ ፓርቲሲፕሎቹ ጊዜን የሚያመለክቱ ይመስላል። አያመለክቱም። «ሺ ዋዝ ራይቲንግ» ያለፈ ነው፤ «ዘ ሌተር ዊል ቢ ሪትን» ገና የሚመጣ ነው። ጊዜውን የሚወስነው ረዳቱ ወይም ዋናው ግስ ነው። ፓርቲሲፕሎቹ የሚለያዩት አንዱ በሂደት ላይ ያለን ወይም አድራጊን፣ ሌላው የተፈጸመን ወይም ተደራጊን በማሳየት ነው።

ከማንኛውም ግስ ቅጽል ለማውጣት መሞከር

በአማርኛ «የደረሰው አደጋ»፣ «የመጣው እንግዳ»፣ «የሞተው ሰው» እንላለን፤ «የተሰረቀው መኪና» እንደምንለው በአንድ ወግ። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ይለያቸዋል። «ዘ ስቶልን ካር» ይባላል፤ «ዘ ሀፕንድ አክሲደንት» ግን አይባልም።

ተሳቢ የሚወስድ ግስ ፓስት ፓርቲሲፕል ሲሆን የተገብሮ ትርጉም ይይዛል። የተሰረቀ፣ የተሰበረ፣ የተጻፈ ነገር ይኖራል። ተሳቢ የማይወስድ ግስ ግን የሚደረግበት ነገር ስለሌለው በአብዛኛው ለዚህ ሥራ አይመችም። «ዘ አክሲደንት ዛት ሀፕንድ»፣ «ዘ ጌስት ሁ ኬም» ብሎ በሙሉ ቃል መሄድ ነው። የሞተ ሰውም «ዳይድ ማን» ሳይሆን «ዴድ ማን» ነው።

የሁኔታ ለውጥ የሚያሳዩ ጥቂት ግሶች ከዚህ ያፈነግጣሉ፦ «ፎለን ሊቭስ» የወደቁ ቅጠሎች፣ «ኤ ሪታየርድ ቲቸር» ጡረታ የወጣ መምህር፣ «አን ኤስኬፕት ፕሪዝነር» ያመለጠ እስረኛ። እነዚህን አንድ በአንድ እያነበቡ መልመድ እንጂ በደንብ ማውጣት አይቻልም።

«ሁ» እና «አይ ኤን ጂ»ን ማጣበቅ

«ዘ ማን ሁ ስታንዲንግ አት ዘ ዶር ኢዝ ማይ ብራዘር።» ሁለት ትክክለኛ መንገዶች ተደባልቀው አንድ ስህተት ሆነዋል። ወይ «ሁ ኢዝ ስታንዲንግ» ይበሉ፣ ወይ «ሁ»ን ከነ«ኢዝ» አውጥተው «ዘ ማን ስታንዲንግ» ይበሉ።

በሁሉም ቦታ ግን አይታጠርም። «ትናንት ደብዳቤውን ያመጣችው ልጅ» የሚለውን «ዘ ገርል ብሪንጊንግ ዘ ሌተር የስተርዴይ» ማለት አይቻልም። አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ያለፈ ድርጊት ነውና «ዘ ገርል ሁ ብሮት ዘ ሌተር» ይሆናል። ከስም በኋላ የሚመጣ «አይ ኤን ጂ» በመካሄድ ላይ ላለ ወይም ለዘወትር ሁኔታ ነው።

በነጠላ ሠረዝ መቀለድ

«ዘ ስቱደንትስ ሲቲንግ ኢን ዘ ፍረንት ሮው ፓስት ዘ ቴስት» ያለ ነጠላ ሠረዝ ሲጻፍ፣ ከተማሪዎቹ መካከል ፊት የተቀመጡት ብቻ አለፉ ማለት ነው። ሐረጉ ከፊትና ከኋላ በነጠላ ሠረዝ ቢታጠር ግን ተማሪዎቹ ሁሉም አልፈዋል፣ ፊት መቀመጣቸው ደግሞ ተጨማሪ መረጃ ነው። በአንዲት ምልክት የወደቀና ያለፈ ተማሪ ይለያል።

በመጨረሻ ላይ ለሚመጣ ሐረግም እንዲሁ ነው። «ሺ ሄልፕት ዘ ቻይልድ ክራይንግ ኢን ዘ ኮርነር» ውስጥ የሚያለቅሰው ሕፃኑ ነው። «ሺ ሌፍት ዘ ቻይልድ፣ ክራይንግ» ሲባል ግን ነጠላ ሠረዙ ሐረጉን ወደ ባለቤቷ መልሶታል፤ ያለቀሰችው እሷ ናት። አሻሚነት ከቀረ ሐረጉን ወደ ፊት ማምጣት ይሻላል።

«ዘ ሪቨር ፍለድድ፣ ዲስትሮይንግ ዘ ብሪጅ» ላይ ደግሞ ሐረጉ የድርጊቱን ውጤት ይናገራል። እዚህ ነጠላ ሠረዙ ግድ ነው፣ «ኤንድ» ግን አይጨመርም።

ሐረግን እንደ ዓረፍተ ነገር መዝጋት

«ሆፒንግ ቱ ሂር ፍሮም ዩ ሱን» ብሎ ነጥብ ማድረግ በደብዳቤ መጨረሻ የተለመደ ስህተት ነው። ረዳት የሌለው ፓርቲሲፕል ዋና ግስ ስለማይሆን ይህ ዓረፍተ ነገር አይደለም። «አይ ሆፕ ቱ ሂር ፍሮም ዩ ሱን» ይጻፉ።

ስም የሆነውን «አይ ኤን ጂ» ከፓርቲሲፕል ጋር ማምታታት

«ስሞኪንግ ኢዝ ሀርምፉል» ውስጥ «ስሞኪንግ» የስምን ሥራ ይሠራል፤ በአማርኛ «ማጨስ» የምንለው አርእስት ነው። ይህ ጀረንድ ይባላል። አንዳንድ ዘመናዊ የሰዋስው ምሁራን ሁለቱን በአንድ ስም ይጠሯቸዋል፤ መልካቸው አንድ ነውና። ለጸሐፊ የሚጠቅመው ልዩነት በጥንድ ቃላት ላይ ይታያል። «ኤ ስሊፒንግ ቻይልድ» የተኛ ሕፃን ነው፤ «ኤ ስሊፒንግ ባግ» ግን የተኛ ቦርሳ ሳይሆን መተኛ ነው። ሲነገርም ይለያያሉ፤ ጀረንድ ባለበት ጥንድ ድምፅ ጠንከር የሚለው በመጀመሪያው ቃል ላይ ነው።

«ቢይንግ»ን መርሳት፣ ወይም ያለ ቦታው መሰንቀር

እየተሠራ ያለ ቤት «ዘ ሀውስ ቢይንግ ቢልት» ነው። የተሠራ ቤት «ዘ ሀውስ ቢልት» ይሆንና ማን ወይም መቼ እንደሠራው ይከተለዋል። ገና የሚሠራ ቤት «ዘ ሀውስ ቱ ቢ ቢልት» ነው። ሥራው በመካሄድ ላይ ያለውን ያለ «ቢይንግ» የጻፈ የግንባታ ሪፖርት ያላለቀውን አልቋል ይላል፤ ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በሌላ በኩል «ቢይንግ ዛት» ብሎ ምክንያትን መጀመር በመደበኛ ጽሑፍ አይወደድም። «ቢኮዝ» ወይም «ሲንስ» አለ።

አሉታዊ ለማድረግም «ዶንት» አያስፈልግም። «ኖት» ከፓርቲሲፕሉ በፊት ይገባል፦ «ኖት ኖዊንግ ዘ አንሰር»፣ «ኖት ሀቪንግ ሲን ሂም»።

በሆሄ መሳት

«ራይት» «አይ ኤን ጂ» ሲጨመርበት መጨረሻው ላይ ያለችው ድምፅ አልባ «ኢ» ትወድቃለች። «ራን» «ኤን»ን ይደግማል። «ዳይ» እና «ላይ» ላይ «አይ» እና «ኢ» ወጥተው «ዋይ» ይተካቸዋል። «ቢጊን» የመጨረሻው ክፍለ ቃል ጠንክሮ ስለሚነበብ «ኤን»ን ይደግማል፤ «ኦፕን» ግን ጥንካሬው መጀመሪያ ላይ ስለሆነ አይደግምም። «ትራቭል» በብሪታንያ በሁለት «ኤል»፣ በአሜሪካ በአንድ «ኤል» ይጻፋል፤ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው። ተስፋ ማድረግና በአንድ እግር መዝለል በአንዲት «ፒ» ይለያያሉ፤ ተስፋው በአንድ፣ ዝላዩ በሁለት «ፒ» ነው።

ሐረጉን ያለ ልክ መደርደር

ደንቡን የተማረ ሰው ደስ ብሎት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በፓርቲሲፕል መክፈት ይጀምራል። «ሀቪንግ ረሲቭድ ዮር ሌተር፣ ቢይንግ ቬሪ ሀፒ፣ ኖት ዊሺንግ ቱ ዴሌይ፣ አይ አም ራይቲንግ ቱ ዩ።» እዚህ ውስጥ የሰዋስው ስህተት የለም፤ ሦስቱም ሐረጎች «አይ» ላይ በትክክል ያርፋሉ። አንባቢው ግን ሦስት ደጃፍ አልፎ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሐረግ፣ በአንድ አንቀጽ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ይበቃሉ። ያንኑ ደብዳቤ «አይ ዋዝ ቬሪ ሀፒ ቱ ረሲቭ ዮር ሌተር ኤንድ አም ራይቲንግ አት ዋንስ» ብሎ መክፈት ይቻላል።